ምላስ የተረሳበት ፕላን

ቢሮዬ በር ላይ «ፕሮዳክሽን ፕላኒንግ ኤንድ ኮንትሮል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ግማሹ ውሸት ነው። ፕላኒንጉ እኔ ነኝ፤ ኮንትሮሉ ግን ሐጂ ፋራህ ናቸው። እኔ የሳምንቱን ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ካርቶንና የጀነሬተር ናፍጣ አስልቼ ነጩ ሰሌዳ ላይ አሰፍራለሁ፤ እሳቸው ከዝሁር ሶላት ሲመለሱ በመዳፋቸው ጥርግ አድርገው «እንደዚያ ሳይሆን እንደዚህ ነው» ይላሉ። መልሼ የምጽፈውም እኔው ነኝ። መጨረሻው ላይ «ኢንሻአላህ» እንድጨምርበት ያዙኛል። እውነቱን ለመናገር ከፕላኑ ውስጥ ያለ እንከን የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

ፋብሪካው ሐርጌሳ ጫፍ ላይ ያለ የብስኩት ፋብሪካ ነው። ብስኩቱ «ካልቱን» ይባላል፤ የሐጂ እናት ስም ነው። ማሸጊያው ላይ የእናትየው ፎቶ አለ፤ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ፎቶ አንሺው አንድ ነገር የሰረቃቸው ይመስል ተኮሳትረው። ሐጂ «ይህ ፊት ያለበት ብስኩት አይበላሽም» ይላሉ። እኔ ብስኩት ብሆን ያንን ፊት አይቼ እዚያው እፈረፈር ነበር።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ወደ አባቴ አገር ስመጣ ዲግሪዬንና አማርኛዬን ይዤ መጣሁ። ከሁለቱ የጠቀመኝ አማርኛው ነው፤ አለቃን እንደ ልብ ማማት የሚቻለው አለቃው በማይሰማው ቋንቋ ነውና። የሐሜት ጓደኛዬ አቻምየለህ ይባላል። የጎጃም ሰው ነው፤ ሊጥ ማቡኪያው ማሽን ላይ ይሠራል፤ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ከአገሩ ልጆች ጋር አንድ ቤት ተጋርቶ ይኖራል። ሶማልኛው ከሰላምታና ከስድብ አያልፍም፤ ሁለቱን ግን አሳምሮ ይችላቸዋል።

ሌላው ሰው ሊባን ነው፤ የሐጂ የወንድም ልጅ። ማሌዥያ ሄዶ የምግብ ሳይንስ ተምሮ መጥቶ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ የኳሊቲ ኃላፊ ሆኗል። በአዘቦቱ ቀን ሊጡን አቻምየለህ፣ ብስኩቱን ሊባን ይቀምሳሉ። ረመዳን ሲገባ የሊባን ምላስ ፈቃድ ይወጣል፤ የፋብሪካው ምላስም ለአንድ ወር ክርስቲያን ይሆናል። ማንም ጮክ ብሎ አይናገረው እንጂ፣ የዒድ ብስኩታችን ሁሉ በአንድ ጎጃሜ ምላስ ላይ አልፎ ነው ወደ ገበያ የሚወጣው።

ዘንድሮ ግን ረመዳንና ሁዳዴ ተቃቅፈው ገቡ። ብስኩቱ ቅቤም የወተት ዱቄትም አለበት። ሙስሊሙ ከንጋት እስከ መግሪብ ምንም አይቀምስም፤ አቻምየለህ ደግሞ ቀን ሆነ ማታ ቅቤ የነካውን ነገር አይነካም። እንዲያ ሆኖ በዚያ ሁሉ ሠራተኛ መካከል አንዲት ብስኩት የሚቀምስ አፍ ጠፋ። እኔ ባለ ዲግሪዋ ዱቄቱን ቆጥሬ፣ ናፍጣውን ቆጥሬ፣ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሳይቀር ቆጥሬ ምላስን ረሳሁ።

ስለ ሐጂ ጆንያም መናገር አለብኝ። ሐጂ ባዶ ጆንያ አይጥሉም። የስኳሩ ጆንያ ሲራገፍ ተጣጥፎ ይታሰርና ወደ በርበራ ጨው ነጋዴ ይሄዳል፤ ጨው ሞልቶ ይመለሳል። ጨው ለምን? ለግመሎቻቸው ነዋ! ሐጂ ከከተማው ውጭ ግመሎች አሏቸው፤ የግመሎቹ ጨው የሚቀመጠው ደግሞ በእኔ ስቶር ውስጥ፣ ከስኳሩ ጎን፣ በስኳር ጆንያ ነው። «ሐጂ፣ ቢያንስ ምልክት እናድርግበት» ብያቸው ነበር።

«ለማን ብለን?» አሉኝ። «ግመሎቹ እንደሆኑ ማንበብ አይችሉ።»

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ዒድ ሊደርስ ነው፤ ወደ ቡርዖ የሚሄደው ትልቁ ትእዛዝ በዚያው ቀን ተጭኖ መውጣት ነበረበት። ጠዋት አቻምየለህ በመስኮቴ ብቅ አለ፤ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው።

«ሙልኪ፣ ይኼ ሊጥ ዛሬ ምን ነካው? እንደ ክፉ ባልቴት ደረቀብኝ እኮ።»

«ጾም ይዞት ነው» አልኩት። ስቆ ሄደ። እኔም ስቄ ወደ ሰሌዳዬ ዞርኩ።

ከምድጃው የወጣውን ብስኩት ሳየው ግን ሳቄ ተወኝ። ነጭ ነው። የበሰለ ነው፣ ግን ነጭ ነው። ብስኩትን የሚያቀላው ስኳሩ መሆኑን ለማወቅ ማሌዥያ መሄድ አያስፈልግም። ማሌዥያ የሄደው ሊባን ግን አንዱን በጓንት አንስቶ፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አገላብጦ ካየ በኋላ «ላይት ጎልደን» አለና ፈረመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በዚያ ቀን እኔ ጾመኛ አልነበርኩም፤ የወር አበባ ላይ ነበርኩ። ሃይማኖቱ ራሱ በዚያ ጊዜ አትጹሚ ይላል፤ ያለፈንን ቀን በኋላ ቀዷ አውጥተን እንከፍላለን። ይህን የማያውቅ ወንድ የለም። ግን በረመዳን ከተማው በሙሉ ሴት የተባለች ሁሉ ወሩን ሳታዛንፍ እንደምትጾም አድርጎ ያስመስላል፤ እኛም እናስመስላለን። እኔ ኮድቡር ሰፈር ከወንድሞቼ ጋር ነው የምኖረው። በእነዚያ ቀናትም ለሱሁር ተነስቼ አብሬያቸው እበላለሁ፤ ቀን ላይ ከንፈሬን አደርቃለሁ፤ ማታ ቴምሩን እንደ ተራበ ሰው አጣድፌ እጎርሳለሁ። ትወናዬ ሸጋ ነው።

አንድ ብስኩት በእጅጌዬ ሸጉጬ ወደ ካርቶን ስቶር ሄድኩ። ከተደረደሩት ካርቶኖች ኋላ፣ ከፊት የማይታይ ጥግ አለ። እዚያ ስደርስ የማሸጊያ ክፍሏ ኃላፊ ዴቃ ከሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ሳምቡሳ ትበላለች። ደነገጡ። እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ ዴቃ ፊቴን አየችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«አንቺም?»

«እኔም። ሊያልቅልኝ ነው።»

«ታድለሽ፤ እኔ ገና ዛሬ መጀመሬ ነው» አለች። ብስኩቱን ከእጅጌዬ ሳወጣው ግን ሦስቱም በአንድ ድምፅ «እንዳትበይው!» አሉ።

በላሁት። ጨው አይባልም፤ የበርበራ ባሕር ተጋግሮ ነው። ተፍቼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣ መናገር ስችል «መቼ ነው ያወቃችሁት?» አልኳቸው።

«ጠዋት» አለች ዴቃ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«በየትኛው አፌ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቀመስኩት ካለች፣ በላሁ አለች። በላሁ ካለች፣ ለምን እንደ በላች የመጋዘን ተሸካሚው ሳይቀር ያውቃል። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ የፋብሪካው ትክክለኛ የኳሊቲ ክፍል ከካርቶን ኋላ ተደብቆ ሳምቡሳ ሲበላ፣ ግቢው ውስጥ የቡርዖው መኪና በጨው እየተሞላ የነበረው።

ያሳሰበኝ ግን ጨዉ አይደለም። ያንን ሊጥ ያቦካው አቻምየለህ ነው። የዒድ ቀን ካርቶኑ ሲከፈት፣ ልጆች አፋቸውን ይዘው ሲጮኹ፣ ሰዉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሠራው?» ብሎ ነው። መልሱም «ክርስቲያኑ» ነው። በእኛ ዒድ፣ በእኛ ብስኩት! የወሬን ጠባይ አውቀዋለሁ፤ ድሬም ሐርጌሳም አንድ ነው። ጠዋት ስህተት ተብሎ የወጣ ነገር ማታ ተንኮል ሆኖ ነው የሚገባው። ከሥራ መባረር ብቻ ከሆነ እግዜር ወዶታል ማለት ነው፤ እኔ የፈራሁት ሰው ተሰብስቦ መሐመድ ሞጌ ያለችውን የቤቱን በር እንዳይሰብር ነበር።

እየሮጥኩ ማቡኪያው ጋ ሄድኩ። «አቻሜ፣ ስኳሩ ጨው ነው።»

ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየ። አጠገቡ ካለው የብስኩት ሳጥን አንድ ነጭ ብስኩት አነሳ። «አባቴ ሲሞትም ሁዳዴን አልገደፍኩም» አለ። «አሁን ግን ልቅመሰውና እኔው ልንገራቸው።» ወደ አፉ አስጠጋው።

እጁን ያዝኩት። «አቦ፣ ተው! ጨው ነው ብለህ አንተ ከተናገርክ፣ ስለ ጨመርከው ነው ያወቅከው ይሉሃል።»

ብስኩቱን ቀስ ብሎ መለሰው። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይላል የእኛ አገር ሰው» አለ። «ይኼኛው ጣፍጦም ሊያስጥለኝ ነው።» ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ የተጠቀመባቸውን ጆንያዎች ልናይ ሄድን፤ ትንሽ ትራፊ ብናገኝ እሳት ላይ ጥደን እናሳያቸዋለን፤ ስኳር ይቀልጣል፣ ጨው አይቀልጥም። ጆንያዎቹ ግን ተራግፈው፣ ተጣጥፈው፣ ታስረው ለጨው ነጋዴው ተዘጋጅተዋል። በዚህ ፋብሪካ በሰዓቱ የሚፈጸም ሥራ ይህ ብቻ ነው!

ሊባን ጋ ሄድኩ። «ወንድሜ፣ በምላስህ ጫፍ ነካ አድርገህ ትፋው። ምግብ የምታበስል ሴት ቀምሳ ብትተፋ ጾሟ አይፈርስም፤ አንተም ታውቀዋለህ።»

«እኔ ምግብ አብሳይ አይደለሁም» አለ ጋውኑን እያስተካከለ። «ኳሊቲ አሹራንስ ነኝ።»

ግቢ ስወጣ መኪናው ተጭኖ አልቋል፤ ሸራው እየታሰረ ነው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። ሾፌሩ ዓብዲወሊ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን በጣቱ ይመታል።

«ሐጂ፣ መኪናው አይውጣ» አልኩ። «እስከ መግሪብ ይቆይና ሁላችንም ስናፈጥር እንቅመሰው።»

«የማፈጥረው ቡርዖ ነው፣ ከልጆቼ ጋር» አለ ዓብዲወሊ ከላይ።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ።

«ቀለሙ ልክ አይደለም።»

«ላይት ጎልደን ነው» አለ ሊባን ከኋላዬ። እግሬን ተከትሎ መጥቷል ለካ።

«ቀለም አይደለም፣ ጣዕሙ ነው! ጨው ነው!» ድምፄ ከሞተሩ በላይ ወጣ። ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን አቆሙ። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች በር ላይ ተኮለኮሉ፤ ዴቃ ከፊት ናት። አቻምየለህ ከነዱቄቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሶማልኛው ባይገባውም ስለ እሱ እንደሆነ ገብቶታል።

«በምን አወቅሽ?» አሉኝ ሐጂ።

ዴቃን አየኋት። ዴቃ ጫማዋን አየች። ሌሎቹም ጫማቸውን አዩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? በዚያች ደቂቃ ያ በር ላይ የተከመረው ዝምታ አንድ መጋዘን ይሞላል። ተናደድኩባቸው፤ ከዚያም በላይ ፈራሁ። ወንድሞቼን አሰብኩ፤ እናቴን አሰብኩ፤ ነገ በባጃጅ ስገባ ስወጣ የሚያዩኝን ዓይኖች አሰብኩ። ከዚያ የአቻምየለህን እጆች አየሁ፤ አንዱን በአንዱ ጨብጦ ይዟቸዋል።

«ቀመስኩት» አልኩ። «ጾመኛ አይደለሁም። የወር አበባ ላይ ነኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መልሼ ልውጠው ብልስ በየት በኩል? ፊቴ ነደደ። ዓብዲወሊ ከጋቢናው ወርዶ የፊት ጎማውን ይመረምር ጀመር። ሰውዬው የስምንት ልጅ አባት ነው፤ ይህን ነገር ዛሬ ገና የሰማ ይመስል ጎማ ያያል! ሊባን የፈረመበትን ወረቀት እንደ አዲስ ያነባል። ሐጂ ሰማዩን አይተው «አስተግፊሩላህ» አሉ፤ ስለ እኔ ይሁን ስለ ራሳቸው አልገባኝም። ያዳነኝ ንዴቴ ነው፤ ያን ሁሉ የዞረ ፊት ሳይ ዕፍረቱ ለቀቀኝ።

«የግመሎችዎ ጨው ነው፣ ሐጂ» አልኩ። «በስኳር ጆንያ ያስገቡት። ያቦካው ሰው ስኳር የሚል ጆንያ ከፍቶ ነው የደፋው። ጥፋት ካለ የጆንያው ነው፤ ጆንያው ደግሞ የማን እንደሆነ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል።»

የሐጂ መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቆመ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ጎማውን እያዩ «አውርዱት» አሉ።

መግሪብ ሲደርስ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሐጂ ቴምራቸውን በሉ፤ ውሃ ጠጡ፤ አንድ ካልቱን ብስኩት አስመጥተው ገመጡ። ፊታቸው ቁርጥ ማሸጊያው ላይ ያሉትን እናታቸውን መሰለ። የአቻምየለህን ስም በክፉ ያነሳ አልነበረም። እሱ በበኩሉ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ አጠገቤ ቆም ብሎ «አንች ልጅ፣ ምን እንደ ተናገርሽ ነገሩኝ» አለኝ። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ጨዉ በማግስቱ ከስቶር ወጣ። ነጩ ብስኩትም ለግመሎቹ በየቀኑ እየተቆነጠረ ተሰጣቸው፤ በዚያ ዓመት ከሁላችን ቀድመው ዒድ ያከበሩት እነሱ ናቸው።

እቤት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ወንድሞቼ ለሁለት ቀን እኔ ባለሁበት ክፍል ውስጥ ጣሪያ ሲያዩ ከረሙ። ለዴቃ ሰላምታ መስጠት አቆምኩ። ከካርቶን ኋላ ሳምቡሳ አስቀምጠውልኝ ነበር፤ አልነካሁትም። ትልቁ ትእዛዝ ከዒድ በፊት እንደገና መጋገር ነበረበት፤ እኔም አዲስ ፕላን አወጣሁ። ከዱቄቱ፣ ከስኳሩና ከናፍጣው ሥር «ምላስ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ሐጂ ከሶላት ሲመለሱ ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ያቺን መስመር ግን ዘለሏት።

አዲሱ ብስኩት ከምድጃው ቀይ ሆኖ በወጣበት ቀን እኔ ታጥቤ ወደ ጾሜ ተመልሻለሁ። አፌ ደርቆ ተቀምጬ ሳለ ሊባን ሳህን ይዞ ገባ፤ ሳህኑ ላይ ብስኩት፣ ከብስኩቱ ሥር ናፕኪን።

«ሐጂ ሳትቀምሽ እንዳይታሸግ ብለዋል» አለ ግድግዳውን እያየ።

«ጾመኛ ነኝ።»

ግራ ገባው። «ግን… ያን ዕለት… አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለ። የምግብ ሳይንስ የተማረው ሰውዬ ነገሩን የሥራ መደብ አድርጎት ቁጭ ብሏል። እንደ ተሾምኩ ነው ያሰበው! ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ፤ ሳህኑን ተቀብዬው ወደ ማሸጊያ ክፍል ወረድኩ።

የማሸጊያው መስመር ቆሟል። ሴቶቹ በጠረጴዛቸው፣ ተሸካሚዎቹ በግድግዳው፣ አቻምየለህ በማቡኪያው በር ላይ ይጠብቃሉ። ሐጂ በሩ ላይ ናቸው። ሳህኑን መሐል ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

«እኔ ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አልኩ። «ማሽኑ ደግሞ ቆሟል።»

ጫማዎች እንደሚታዩ አውቄ ነበር፤ ታዩም። ወደ ቢሮዬ ልመለስ ስዞር ግን አንድ ወንበር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ። ዴቃ ተነስታለች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ የአፍ መሸፈኛዋን ወደ አገጯ አወረደች፤ ወንዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ብስኩቱን አንስታ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ገመጠች። ቀስ ብላ አኘከች። የመሰበሩ ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል።

ጨርሳ ዋጠች። እኔን እያየች «በአንድ አይታወቅም» አለች፤ «ሌላ አምጡልኝ።»

ሌላ አመጡላት። አጠገቧ ያለችው ልጅ መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ «ለእኔም» አለች። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሁለቱም በልተው እስኪጨርሱ ጠበቁ፤ ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው «እሺ፣ አሽጉ» አሉ።